አመድ የመሰለችው ጀልባ

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ዕቃ አያያዝ፣ ስለ ግድግዳ ቀለም፣ ስለ ምንጣፍና ስለ መሳሰሉት ስንነጋገር ቆይተናል። ለዛሬ ግን ከሐዋሳ የደረሰን አንድ ደብዳቤ ትንሽ ራቅ ወዳለ ነገር ወስዶናል። ጉዳዩ ጀልባ ነው። “እኛ ጀልባ የለንም” ብላችሁ ገጹን ለመግለጥ አትቸኩሉ። የደብዳቤው ጭብጥ ጀልባ ይሁን እንጂ፣ ደብዝዞ የተጣለ ንብረት በየቤታችን አይጠፋም። በአንድ ዕቃ ምክንያት የተኳረፉ ባልና ሚስትም እንዲሁ።

ደብዳቤ የጻፉልን እኅት እንዲህ ይላሉ፦ “ባለቤቴ ለብዙ ዓመታት ቆጥቦ ስምንት ሰው የምትጭን የፋይበር ግላስ ጀልባ ገዛ። ጎብኚዎችን ሐይቁ ላይ እያዞረ በእርስዋ ቤተ ሰባችንን ያስተዳድር ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ሥራው ቆመ። እርሱም ሹፌር ሆኖ ተቀጠረ፤ ጀልባዋም ግቢያችን ውስጥ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀባት ዓመታት አለፉ። ሰማያዊ የነበረው ቀለምዋ ዛሬ አመድ መስሏል። ልጆቹ ሲነኳት እጃቸው ነጭ ይሆናል። ባለቤቴ ‘በስብሳለች፤ ባገኘሁት ዋጋ ሸጬ ልገላገል’ ይላል። አንድ ገዢ መጥቶም ዋጋ ሰጥቶናል፤ የሰጠው ዋጋ ግን የሞተሩን ያህል እንኳ አይሆንም። እኔ ልቤ እሺ አላለኝም። በዚህ ጉዳይ ከተጋጨን ወዲህ በደንብ መነጋገር ካቆምን ሁለት ሳምንት ሆነን። ምን ትመክሩናላችሁ?”

ውድ እኅታችን፣ ደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ተቀላቅለዋል። አንደኛው “ጀልባዋ በስብሳለች ወይ?” የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ “ድምቀትዋ ሊመለስ ይችላል ወይ?” የሚል ነው። ባለቤትዎ ሁለተኛውን አይተው የመጀመሪያውን ፈረዱ። ገዢውም በዚያው ተጠቀመ። እንግዲህ እኛ ሁለቱን ለያይተን እንመልከታቸው።

ነጩ ዱቄት ከየት መጣ?

በጣና ሐይቅ ላይ የሚታየው ባሕላዊ ታንኳ ከደንገል ይሠራል። ደንገል ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ባለ ታንኳው ብዙም ሳይቆይ ሌላ ያስራል። የፋይበር ግላስ ጀልባ ግን እንዲህ አይደለም። ፋይበር ግላስ ማለት እንደ ጨርቅ የተሠራ የመስታወት ክር፣ ሬዚን በሚባል ፈሳሽ ፕላስቲክ ተነክሮ ሲደርቅ የሚገኝ ጠንካራ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ ጀልባ ይሠራበታል። ከተሠሩ አርባና ሃምሳ ዓመት ሞልቷቸው ዛሬም ውኃ ላይ የሚውሉ የፋይበር ግላስ ጀልባዎች በዓለም ዙሪያ ብዙ ናቸው።

የምናየው ቀለም ግን ራሱ ፋይበር ግላሱ አይደለም። ከላዩ ላይ ጄልኮት የሚባል፣ ቀለም የተቀላቀለበት የሬዚን ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን ሲበዛ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ሥራውም ሁለት ነው፤ ጀልባዋን ያስውባል፣ ከሥሩ ያለውንም ከፀሐይና ከውኃ ይጠብቃል።

የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርና በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ለዓመታት ተባብረው የዚህን ሽፋን የላይኛውን ገጽ ይሰባብሩታል። ቀለሙን አቅፎ የያዘው ሬዚን ሲፈረካከስ ቀለሙ ዱቄት ሆኖ ይለቅቃል። በልጆቹ እጅ ላይ የቀረው ነጭ ነገር ይኸው ነው፤ ባለ ሙያዎች ኦክሲዴሽን ይሉታል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአልትራቫዮሌት ጨረር ኃይል 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ፀሐይዋም በእኛ አገር ዓመቱን ሙሉ ከአናት በላይ ትውላለች ማለት ይቻላል። ስለዚህ ያለ መጠለያ ለዓመታት የቆመች ጀልባ አመድ ብትመስል አያስገርምም።

አሁን አንድ ቀላል ሙከራ አድርጉ። በንጹሕ ጨርቅ ትንሽ ውኃ ወስዳችሁ ያንን አመድማ ቦታ አርጥቡት። የቀድሞው ሰማያዊ ብቅ አለ? እንግዲያው ደስ ይበላችሁ። የተሰባበረው ገጽ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ጉድጓዶች የተሞላ ስለሆነ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትነዋል፤ ድብዝዝ የሚለውም ለዚህ ነው። ውኃው ጉድጓዶቹን ለጊዜው ስለሞላቸው ቀለሙ ታየ። ይህ ማለት ደህናው ቀለም ከሥር አለ፤ የሞተው ከላይ ያለው ስስ ንብርብር ብቻ ነው ማለት ነው። ሥራችንም ይህንን የሞተ ንብርብር አንስቶ ወደ ደህናው መድረስ ነው። በሞተው ላይ የምንቀባው ማንኛውም ነገር ግን እንደዚያ ውኃ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል።

ከማንጸባረቅ በፊት መመርመር

ጀልባዋ ሰው የምትጭን ናት። ስለዚህ “ታብረቅርቅ” ከማለታችን በፊት “ደህና ናት ወይ?” እንበል። የሚከተሉትን ተመልከቱ።

በመጀመሪያ፣ በመዶሻ የእንጨት እጀታ ወይም በሳንቲም ገላዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ እያላችሁ አንኳኩ። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ በድንገት ታፍኖ “ዱብ” የሚል ከሆነ፣ እዚያ ቦታ ላይ ንብርብሮቹ ተለያይተው ወይም ውኃ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ በጠመኔ አክብቡት።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ስንጥቆችን ለዩ። እንደ ሸረሪት ድር የተበተኑ፣ ጥፍር የማይዙ ቀጫጭን መስመሮች ብዙውን ጊዜ የላይኛው ሽፋን ብቻ ናቸው። ጥፍር የሚገባበት፣ ውስጡ የመስታወት ክር የሚታይበት ስንጥቅ ግን የጀልባዋ አካል ጉዳት ነው። እርሱ ሳይጠገን ጀልባዋ ሰው ይዛ ውኃ መግባት የለባትም።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ግድግዳና ወለሏን ፈትሹ። በብዙ ጀልባዎች እነዚህ ቦታዎች ውስጣቸው እንጨት ነው። ፋይበር ግላሱ ባይበሰብስም ውኃ የገባበት እንጨት ይበሰብሳል። ወለሉ ላይ ስትቆሙ ስፖንጅ እንደ ረገጣችሁ ከተሰማችሁ፣ ወይም የኋላውን ግድግዳ ስትወዘውዙት ከተንቀሳቀሰ፣ ገንዘባችሁን ለፖሊሽ ሳይሆን ለጥገናው አውሉት።

እዚህ ላይ ፋይበር ግላስ የሚሠራ ሰው ፈልጋችሁ ብታሳዩ መልካም ነው። ምርመራው የሚከፈልበት ቢሆንም እንኳ፣ ባልና ሚስት “በስብሳለች”፣ “አልበሰበሰችም” እየተባባሉ ከሚከራከሩ ሦስተኛ ሰው አንኳኩቶ ቢነግራቸው ይሻላል።

ለሥራው የሚያስፈልጉ ነገሮች

የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር የመኪና ቀለም ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ይገኛል። ላርጎ፣ ለስላሳ ብሩሽና ብዙ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፤ አቼቶ፤ ጥቂት አሴቶን፤ የውኃ የብርጭቆ ወረቀት ባለ 800፣ ባለ 1000፣ ባለ 1500ና ባለ 2000 ቁጥር፤ የጎማ መያዣ፤ ኮምፓውንድ የሚባለው ሸካራው መፈተጊያ፣ ከእርሱ የላመው ፖሊሽ፣ በመጨረሻም የመኪና ወይም የጀልባ ሰም፤ የወረቀት ፕላስተር፤ የጎማ ጓንት፣ የዓይን መነጽርና የአፍንጫ ማስክ። የፖሊሽ ማሽን ከመኪና ቀለም ቀቢዎች መዋስ ወይም መከራየት ይቻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ “ያው ነው” ተብሎ የብረት መቁረጫ ግራይንደር ላይ ጨርቅ አስረው የሚሠሩ አሉ። ግራይንደር በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ግን ከ1,000 እስከ 1,500 ዙር ገደማ ነው። በግራይንደር የተፈተገ ጄልኮት በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠላል።

ሥራው ደረጃ በደረጃ

1. ማጠብ። ጀልባዋን ጥላ ሥር አድርጓት፤ ካልሆነም ማለዳ ሥሩ። የጋለ ገላ ላይ ሳሙናውም ፖሊሹም ቶሎ ደርቆ ይጣበቃል። በላርጎና በብዙ ውኃ ከላይ ወደ ታች እጠቡ። የአባ ኮዳ ኩስ የደረቀበትን በግድ አትፋቁት፤ እርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁ ሲለሰልስ ይነሣል። ሐይቁ በውኃው ልክ ላይ የተወውን ነጭ የድንጋይ ዓይነት መስመር፣ ግማሽ አቼቶ ግማሽ ውኃ በጨርቅ ቀብታችሁ ጥቂት ደቂቃ አቆዩትና ፈትጋችሁ አለቅልቁት።

አቼቶንና በረኪናን ፈጽሞ አታቀላቅሉ! ሁለቱ ሲገናኙ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሻጋታ ለማስለቀቅ በረኪና የተጠቀማችሁ ከሆነ፣ በብዙ ውኃ ካለቀለቃችሁ በኋላ አቼቶውን ለሌላ ቀን አቆዩት።

2. ቅባቱን ማንሣት። ጀልባዋ ከደረቀች በኋላ የቆየ ሰምና የሞተር ዘይት ያለበትን አሴቶን በነካ ጨርቅ ጥረጉ። ይህ ካልተደረገ ቅባቱ ከመፈተጊያው ጋር ይለወሳል። አሴቶን በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለሆነ ክፍት ቦታ ላይ፣ ከከሰልና ከማንኛውም እሳት ርቃችሁ ሥሩ።

3. ትንሽ ቦታ ላይ መሞከር። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ጀልባዋን በሙሉ ከመጀመራችሁ በፊት ከጎኗ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ቦታ በወረቀት ፕላስተር ክለሉ። በጣም ከላመው ጀምሩ። በፖሊሹ ሞክሩት፤ ካበራ በቃ። ካላበራ በኮምፓውንዱ ሞክሩ። እርሱም ካቃተው ብቻ ወደ ብርጭቆ ወረቀት ሂዱ፤ መጀመሪያ ባለ 1000፣ እምቢ ካለ ባለ 800። የተወሰደ ሽፋን አይመለስምና ከሸካራው መጀመር ማባከን ነው።

4. በውኃ መፈተግ። የእኅታችን ጀልባ ለዓመታት የቆመች ስለሆነች እዚህ ደረጃ መድረሷ አይቀርም ብለን እንገምታለን። ወረቀቱን ጥቂት ሳሙና በገባበት ውኃ ውስጥ ነክራችሁ በጎማው መያዣ ላይ ጠቅልሉት። በመዳፋችሁ ሳትጫኑ፣ ገጹ ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ ፈትጉ። በሰማያዊ ጀልባ ላይ መጀመሪያ የሚወርደው ውኃ ነጣ ያለ አመድማ ይሆናል፤ ቆየት ብሎ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሲሆን ደህናው ሽፋን ላይ ደርሳችኋልና አቁሙ። ከዚያ ባለ 1500፣ ቀጥሎም ባለ 2000 ይከተላል።

አቅጣጫ መለዋወጥን አትርሱ። በባለ 1000 ወደ ጎን ከፈተጋችሁ፣ በባለ 1500 ከላይ ወደ ታች ፈትጉ። የፊተኛው ጭረት ሙሉ በሙሉ እንደጠፋ የምታውቁት በዚህ ነው። አንዱን ቁጥር ዘልላችሁ ብትሄዱ፣ ጭረቱ ሰም ከተቀባ በኋላ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ያሳፍራችኋል።

ማዕዘኖችና የተሾሙ ጠርዞች ላይ ሽፋኑ ስስ ስለሆነ በፕላስተር ሸፍናችሁ መጨረሻ ላይ በእጅ ብቻ ሥሯቸው። ሰማያዊው ሳስቶ ከሥሩ ሌላ ቀለም ወይም የጨርቅ ሽመና የመሰለ ነገር መታየት ከጀመረ ወዲያውኑ አቁሙ። ሽፋኑ አልቋል።

5. ኮምፓውንድና ፖሊሽ። ጀልባዋ ፈጽሞ ደርቃ፣ እናንተም ደረቅ መሬት ላይ ቆማችሁ ብቻ ማሽኑን ወደ ኤሌክትሪክ ሰኩ። በአንድ ጊዜ ስድሳ ሳንቲ ሜትር በስድሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ ሥሩ። ጥቂት ኮምፓውንድ በጨርቅ ቀብታችሁ ማሽኑን ሳታበሩ አዳርሱት፤ ከዚያ በዝግታ አስነሡት። ማሽኑን አንድ ቦታ አታቁሙት፤ ሁልጊዜ ይሂድ። በየመሐሉ በእጃችሁ ዳስሱት፤ ለብ ካለ ደህና ነው፣ ካቃጠለ ግን እረፉ። ለኮምፓውንዱ የበግ ጠጉሩን ፓድ፣ ለፖሊሹ ስፖንጁን ተጠቀሙ፤ አንዱን ለሌላው አታዋውሱ። ማሽን ካልተገኘ በእጅም ይሠራል። ክንድ ያደክማል፤ ቀኑም ይረዝማል እንጂ ውጤቱ አይከለከልም።

6. ሰም። አሁን ጀልባዋ ታበራለች፤ ሆኖም ገላዋ እርቃኑን ነው። ሰም ሳትቀቡ ከተዋችኋት ፀሐይዋ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ደመና ሲመስል በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፣ ከዚያ ሁለተኛ ዙር ድገሙ። ወፍራም ሰም የተሻለ ጥበቃ አይሰጥም፤ ለመጥረግ ያስቸግራል እንጂ።

ለሁለት ሰው፣ የስድስት ሜትር ጀልባ ሁለት ወይም ሦስት ሙሉ ቀን ሊወስድ ይችላል። ልጆች በማጠቡና በማለቅለቁ ቢረዱ ደስ ይላቸዋል፤ ሲፈተግና አሴቶን ሲከፈት ግን ከአጠገብ ይራቁ። የፋይበር ግላስ ብናኝ ቆዳን ያሳክካል፣ ለሳንባም አይበጅም። በደረቁ አለመፈተጋችን አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ሥራ ስትጨርሱ እጃችሁን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቡ፤ የለበሳችሁትንም ከሌላ ልብስ ጋር አታጥቡ። የፈሰሰውን ዝቃጭ ጠራርጋችሁ አስወግዱ፤ ወደ ሐይቁ አይሂድ። የሐዋሳ ሐይቅ ወደ ውጪ የሚያወጣው ወንዝ ስለሌለው የገባበት ነገር እዚያው ይቀራል።

አቋራጭ የሚመስሉ ስሕተቶች

“የምግብ ዘይት ቀቡት፣ ያበራል” የሚል ምክር ብትሰሙ እውነቱን ነው፤ ያበራል። የሚያበራው ግን ቅድም ውኃው ባበራበት መንገድ፣ ጉድጓዱን በመሙላት ነው። በሁለት ቀን ውስጥ አቧራ ይይዛል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ በኋላ ቀለም ወይም ጥገና አልያዝ እንዲል ያደርጋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም፣ የጎማ ማብሪያ ቅባትም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የመርገጫውን ወለል ሰም መቀባት ነው። ወለሉ ሸካራ ሆኖ የተሠራው እርጥብ እግር እንዳይንሸራተት ነው። በብሩሽና በሳሙና ብቻ ይታጠብ። ለውበት ብለን ተሳፋሪ ውኃ ውስጥ ብንጥል ማን ይጠየቃል?

ሦስተኛው በአመዱ ላይ የቤት የዘይት ቀለም መቀባት ነው። የለቀቀ ዱቄት ላይ የተቀባ ቀለም ከዱቄቱ ጋር ይላጣል። እርግጥ ነው፣ ሽፋኑ አልቆ ክሩ የሚታይ ከሆነ ወይም ተፈትጎ ሰም ከተቀባ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደገና ዱቄት ከለበሰ፣ ቀለም መቀባት ግድ ይሆናል። ያን ጊዜ ግን የሚያስፈልገው የኤፖክሲ መሠረትና ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚቀባው የፖሊዩሪቴን ቀለም ነው። ጭሱ ለመተንፈሻ አካል አደገኛ ስለሆነ ተገቢው መከላከያ ላለው ባለ ሙያ ተዉት።

የመኪና ቀለም ለደበዘዘባችሁ ደግሞ አንድ ቃል እንጨምር። የመኪና የላይኛው ሽፋን ከጄልኮት እጅግ የሳሳ ነው። ከፖሊሹ ብትጀምሩ መልካም፤ የብርጭቆ ወረቀቱን ግን ሳትማከሩ አትንኩ።

የተመለሰው ድምቀት እንዲቆይ

ጀልባዋ ውጪ የምትውል ከሆነ ሰሙን በየሦስትና በየአራት ወሩ አድሱ። ጊዜው መድረሱን ራሷ ትነግራችኋለች። ውኃ ስታፈስሱባት እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ከወረደ ሰሙ አለ፤ ተዘርግቶ ከተኛ አልቋል። ሐይቅ ውላ ስትመጣ በንጹሕ ውኃ አለቅልቋት።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥበቃ ግን ጥላ ነው። ቆርቆሮ ክዳን ሥር ማቆም ከየትኛውም ሰም ይሻላል። ሸራ የምታለብሷት ከሆነም ገላዋ ላይ አጣብቃችሁ አትሰሩት፤ አየር ካልገባ እርጥበት ታፍኖ ሻጋታ ያበቅላል። ከሥሯ እንጨት አነጥፋችሁ ከመሬት ከፍ አድርጓት፤ የውኃ ማፍሰሻ ቡሿን ነቅላችሁ፣ አፍንጫዋን ቀና አድርጋችሁ አቁሟት፤ የክረምቱ ዝናብ እንዳይጠራቀምባት።

ወደ ደብዳቤው ስንመለስ

ውድ እኅታችን፣ ገዢው አመዱን አይቶ “የበሰበሰች” ብሎ ዋጋ መስጠቱ የገበያ ብልጠት ነው። እናንተም በዚያው ዓይን አይታችኋት ነበርና አልተከራከራችሁትም። አሁን ግን ከመሸጥ በፊት የሚጠየቅ ሌላ ጥያቄ እንዳለ አውቃችኋል።

ተቃራኒውንም ልንነግርዎ ይገባል። ስታንኳኩ ድምፁ የታፈነ፣ የኋላ ግድግዳዋ የተወዘወዘ ከሆነ ባለቤትዎ እውነት አላቸው። ያን ጊዜ ማንጸባረቅ ራስን መደለል፣ አንጸባርቆ መሸጥ ደግሞ ሌላውን ማታለል ይሆናል። ጉዳቷን ተናግሮ መሸጥ ዋጋ ቢቀንስም ሌሊት እንቅልፍ አይነሣም። ወደ ፊት ያገለገለ ጀልባ ለመግዛት የምታስቡ አንባቢያንም ይህን ልብ በሉ፤ እርጥብ ወይም ዘይት የተቀባች ጀልባ አይታችሁ ዋጋ አትቁረጡ። ደርቃ እዩአት፣ አንኳኩ፣ ከዚያ ተነጋገሩ።

ደህና ሆና ከተገኘች ግን “ትሸጥ” ወይም “አትሸጥ” የሚለውን ዛሬውኑ አትወስኑ። ባለቤትዎ ለጀልባዋ ፊታቸውን ያዞሩት ስላልወደዷት አይመስለንም። ሰው ለፍቶ ያገኘው ነገር ዓይኑ እያየ ሲደበዝዝ፣ ባለማየት ራሱን ለማሳረፍ ይሞክራል። በየቀኑ ከሥራ ሲመለሱ ግቢ ውስጥ የምትቀበላቸው እርስዋ ናትና “ልገላገል” ቢሉ አይፈረድባቸውም። ስለዚህ በክርክር ሳይሆን በሥራ ይጀምሩ። ባለቤትዎ እረፍት በሚሆኑበት አንድ ማለዳ፣ ቡና ከተጠጣ በኋላ፣ “እስቲ ይህችን ግማሽ ሜትር ብቻ አብረን እንሞክራት” ይበሏቸው። አንድ ባልዲ ውኃ፣ አንድ ወረቀት፣ ጥቂት ኮምፓውንድና ጨርቅ ይበቃል። ሰማያዊው ሲወጣ አብራችሁ እዩት። ከዚያ በኋላ ብትሸጧትም በሚገባት ዋጋ ትሸጧታላችሁ፤ ብታስቀሯትም አብራችሁ ያስቀራችኋት ትሆናለች።

ያችን ግማሽ ሜትር ከሞከራችሁ በኋላ የሆነውን ብትጽፉልን ደስ ይለናል። እስከሚቀጥለው እትም ድረስ ሰላም ሁኑ።